ሁለት ድስት በአንድ ዳስ

ወሎ ውስጥ ሠርግ የበላ ሰው ይህን ያውቃል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬውን ወይም በጉን ከነነፍሱ ያስረክባቸዋል። እነሱ በደንባቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ ራሳቸው ያቀርባሉ። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነም እንዲሁ ነው። ዳሱ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ ሙሽራዋም አንድ ናት። ድስቱ ግን ሁለት ነው። ማንም አይከፋም፣ ማንም አይጣላም። ችግር የሚመጣው አንድ ያልነገሩት ልጅ ከዚህኛው ድስት ጨልፎ እዚያኛው ላይ የገለበጠ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ወጡ ይጣፍጥ አይጣፍጥ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ግማሹ እንግዳ ሳይበላ ይሄዳል።

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ ሠርግ አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር ነው። ያ ያልነገሩት ልጅ ደግሞ እኛ ነን።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ከእኛ መካከል ሁለቱ የቦረና ልጆች ናቸው (የወሎው ቦረና ነው፤ ከደቡቡ ጋር የሚያምታቱንን ሁሉ ለምደናቸዋል)። የወረዳው ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከእሷ ወዲያ ደጋው እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ኔትወርክ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ እዚያ ከተከፈተ ወዲህ ግን ላፕቶፕ ያነገተ ወጣት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ። ይህን ስንሰማ ደነገጥን። ማውዝ ይዞ የማያውቅ የደጋ ልጅ፣ በኮምፒውተር ጌም ካደገ የከተማ ልጅ ጋር እኩል ሰዓት ተሰጥቶት ሊፈተን ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንሥራ አልን። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ያለ ኢንተርኔት የሚነሳ፣ ስክሪኑ አማርኛ፣ ኪቦርዱ አማርኛ የሆነ፣ ፈተና መለማመጃ ያለው ሊኑክስ በፍላሽ። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ አንፈልግም፤ ሁሉም በሕጋዊ መንገድ፣ ሁሉም "ነጻ" ይሁን ብለን ተነሳን።

መሠረቱ ዴቢያን ሆነ። ፎንት ከአንድ ቦታ፣ ኪቦርድ ከሌላ፣ የቃላት ዝርዝር ከሦስተኛ አመጣን። የመለማመጃውን ፕሮግራም ራሳችን ጻፍነው። ራሳችን ጻፍነው ስንል ግን፣ ፕሮግራመር ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የከበዱንን ሁለት ክፍሎች ሌሎች ከጻፉት ኮድ ወስደን ሰፋነው። ሠራ! ደስ አለን።

ፍላሹን ለማባዛት ስንዘጋጅ፣ ከእኛው ጋር የምትሠራ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የመካነ ሰላም ልጅ፣ ማንም የማያነባቸውን የፈቃድ ፋይሎች ቁጭ ብላ አነበበቻቸው። አንደኛው ክፍል "ጂፒኤል ቅጽ 2 ብቻ" ይላል። ሁለተኛው "አፓቼ ቅጽ 2" ይላል። ቀና ብላ "እነዚህ ሁለቱ በአንድ ድስት ይሠራሉ እንዴ?" አለችን።

መልስ አልነበረንም። ፈልገን ስናገኘው ደግሞ መልሱ "አይሠሩም" ሆነ።

ነጻ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም

እኛ አገር "ነጻ ሶፍትዌር" ሲባል በጆሯችን የሚገባው "የማይከፈልበት" ነው። ከዚያ አልፎ "የማንም ያልሆነ" ይመስለናል። ስህተቱ እዚህ ጋ ይጀምራል። በእኛው በኢትዮጵያ ሕግ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን ሁሉ ጥበቃ አለው። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ቅጽበት ነው፤ ማስመዝገብ እንኳን ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ኮድ ሁሉ ባለቤት አለው። ፈቃድ (ላይሰንስ) የምንለው ባለቤቱ "በዚህ በዚህ ሁኔታ ተጠቀሙበት" ብሎ የሚጽፈው ቃል ነው። ቃሉ ከሌለ ፈቃድም የለም።

ፈቃዶቹ ብዙ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን በጥቂት ወገን ይጠቃለላል።

የመጀመሪያው ወገን ሽሮ ነው። ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ የሚባሉት ፈቃዶች "እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ስሜንና ይህችን ማስታወሻ ብቻ አታጥፉብኝ" ይላሉ። ሽሮ የትኛውም ድስት አጠገብ ይቀመጣል፣ የትኛውም እንግዳ ይበላዋል።

ሁለተኛው ወገን ወንፈል ነው። ጂፒኤል ማለት ይሄ ነው። እኔ ያንተን ማሳ አርሜያለሁ፤ አንተም በተራህ ታርማለህ። ኮዴን ወስደህ ከራስህ ጋር ቀላቅለህ ለሌላ ሰው ከሰጠህ፣ ሙሉውን ከነሶርስ ኮዱ በዚሁ በእኔው ደንብ ስጥ ይላል። ያለ ዋጋ የተሰጠ ጉልበት የለም፤ ዋጋው መልሶ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ወገን በመካከል ያለ ነው። አንዳንዱ ፋይሉን ብቻ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ እንደ አፓቼ ልቅ ሆኖ ጥቂት ቅድመ ሁኔታ ይጨምራል።

ታዲያ ጥሉ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል ቅጽ 2 "እኔ ከጻፍኩት በላይ ሌላ ገደብ በተቀባዩ ላይ አትጨምሩ" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አፓቼ ቅጽ 2 ደግሞ ስለ ፓተንት አንድ አንቀጽ አለው፤ በዚህ ሥራ ምክንያት በፓተንት ክስ የመሠረተ ሰው የተሰጠውን የፓተንት ፈቃድ ያጣል። ለብቻው ሲያዩት ጥሩ አንቀጽ ነው፤ ተንኮለኛን ይከለክላል። ለጂፒኤል 2 ግን "ተጨማሪ ገደብ" ነው። ሁለቱም ደጎች ናቸው፣ ሁለቱም ለነጻነት ብለው የተጻፉ ናቸው፣ አንድ ድስት ውስጥ ግን አይገቡም። ጂፒኤል 2 ራሱ ሁለቱን ግዴታ በአንድ ላይ መወጣት ካልቻላችሁ ጭራሽ አታሰራጩ ይላል። ይህን ለማስታረቅ ነው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 የአፓቼን አንቀጽ እንዲቀበል ሆኖ የተጻፈው። የእኛው ኮድ ግን "2 ብቻ" ነበር።

ልብ በሉ፤ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ብትቀላቅሉ ጂፒኤል ምንም አይላችሁም። ጥያቄው የሚነሳው ለሌላ ሰው የሰጣችሁ ዕለት ነው። የእኛ ፍላሽ በእኛ ላፕቶፕ ላይ ንጹሕ ነበር፤ ተማሪዎቹ እጅ ሲገባ ግን ደንብ መጣሱ ነው።

ትልልቆቹም ተቸግረዋል

ይህ የእኛ የጀማሪዎች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን የአንድሮይድ ስልክ አውጡና ተመልከቱት። ሥር ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው፤ ፈቃዱም ጂፒኤል 2 ብቻ። ከላዩ ያለው የአንድሮይድ አካል ግን በአብዛኛው አፓቼ 2 ነው። አሁን አይቀላቀሉም ያልናቸው ሁለቱ! ስልኩ እንዴት ሠራ? በሁለት ድስት። የሊኑክስ የፈቃድ ፋይል፣ ከርነሉን በተለመደው የሲስተም ጥሪ በኩል አገልግሎት የሚጠይቅ ፕሮግራም የከርነሉ ተወላጅ ተደርጎ እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል። ዳሱ አንድ ነው፣ ወጡ ግን አይገናኝም።

አንዳንዱ ግን ድስቱን መለየት አይችልም። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባለው ኩባንያ ዜድኤፍኤስ የሚባል እጅግ የተመሰገነ የፋይል ሲስተም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱን ክፍት አደረገ። ፈቃዱ ግን ሲዲዲኤል ሆነ፤ ይህ ደግሞ "የእኔ ፋይሎች በእኔ ደንብ ይቆያሉ" የሚል ነው። ሊኑክስ "ሙሉው በእኔ ደንብ" ይላል። የፋይል ሲስተም ከከርነሉ ጋር ተጋብቶ የሚሠራ ነገር ስለሆነ እንደ አንድሮይድ ማዶ ለማዶ ተቀምጦ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል ሰንን ገዛና የዋናው ኮድ ባለመብት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ካኖኒካል ዜድኤፍኤስን ከኡቡንቱ 16.04 ጋር አብሮ አወጣ፤ ጠበቆቻችን ይቻላል ብለውናል አለ። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ደግሞ ይህ ጂፒኤልን መጣስ ነው ሲል መለሰ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ከኦራክል የተፈረመ ደብዳቤ ካልመጣ በቀር ዜድኤፍኤስን ወደ ከርነሉ እንደማያስገባ ተናገረ። ጠበቆቹ ሁሉ ሕግ የተማሩ ናቸው፣ ግን አልተስማሙም።

ሽሮውም ቢሆን ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለኦፕንቢኤስዲ የተጻፈ የዋይፋይ ድራይቨር ወደ ሊኑክስ ሲወሰድ፣ የመጀመሪያው ለስላሳ ፈቃድ ተነስቶ በቦታው ጂፒኤል እንዲገባ የሚያደርግ ማሻሻያ ቀርቦ ነበር። የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ተቆጡ፤ ትክክልም ነበሩ። "እንደፈለግህ ተጠቀም" ያለህ ሰው "ስሜን ፋቅ" አላለህም። በመጨረሻ የሊኑክሱ ድራይቨር የመጀመሪያውን ማስታወሻ እንደያዘ ቀረ።

ከሃምቡርግ የመጣ ፊደል

እስካሁን ያወራነው የፈረንጅ ጠብ ነው ትሉን ይሆናል። እንግዲያው ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሞልቶ ነበር፤ ግን ሁሉም የየራሱ የፊደል ሰንጠረዥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የቁራ ጫጫታ ይሆናል። (ያን ዘመን የምታስታውሱ ታላላቆቻችን ፈገግ በሉ።) ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቅጽ 3.0 ነው። በዚያው ዘመን በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ እና ሦስት ጀርመናውያን ባልደረቦቹ ለቴክ የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሚሆኑ የግዕዝ ፊደላት ሠሩ። ሠርተውም በጂፒኤል ለቀቁት።

ይህች አንዲት ውሳኔ ምን እንዳመጣች ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ፕሪሞሽ ፔተርሊን የተባለ የስሎቬኒያ ሰው ግኑ ፍሪፎንት የሚባለውን የፊደላት ስብስብ ማዘጋጀት ጀመረ። ስብስቡም በጂፒኤል ነበር። የሃምቡርጉ ፊደል ፈቃዱ ከስብስቡ ፈቃድ ጋር ስለሚስማማ፣ ወስዶ፣ ቅርጹን ቀይሮ አስገባው። ፈቃዱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና ደጅ መጥናት አላስፈለገም። ስብስቡ ደግሞ ወደ ብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ገባ። ሃምቡርግ ላይ የተሳለ "ሀ" በዚህ መንገድ ተጉዞ በእነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ ታየ።

ስንት ጎበዝ ልጅ በየዶርሙ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛ ጌም ጽፎ በፍላሽ ቀርቶበታል? ችሎታ አንሶት አይደለም። "ተጠቀሙበት" የሚል አንድ ገጽ ስላልጻፈ ነው።

"መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ ማን ይከሰናል?"

ይህን ጥያቄ እኛም ለራሳችን አቅርበነዋል። መልሱ ግልጽ ነው፤ ማንም አይከሰንም። ግን ነገሩ የፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

አንደኛ፣ የተቀላቀለ ነገር አያድግም። ዴቢያን ከመቀበሉ በፊት ፈቃዱን ይመረምራል፤ የማይስማማ ከሆነ አይገባም። ነገ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ትምህርት ቢሮ "ይህን ሥራችሁን እንውሰደው" ቢለን ምን ብለን እንሰጣለን? በስርቆት የተሰበሰበ ማሳ ለልጅ አይወረስም።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን መብት የምናስከብርበት አንደበት አይኖረንም። ያገራችን ድምፃውያን በየፍላሹ ዘፈናቸው ሲገለበጥ ሲያለቅሱ "ያሳዝናል" እንላለን። የማናውቀው የስሎቬኒያ ሰው ቃል ሲሆን ግን ማንበብም ይሰለቸናል። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ጸሐፊዎቹም ይወቀሱ። በየጊዜው እየተነሳ "የእኔ ይሻላል" እያለ አዲስ ፈቃድ የሚያወጣ ድርጅት ሁሉ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ጠበቃ የሌለው ሰው መሆኑን ማሰብ ነበረበት። ካኖኒካል ጠበቃ አለው። መካነ ሰላም ላይ የሶፍትዌር ፈቃድ የሚተረጉም ጠበቃ ማን ያገኛል? የድሮው ቢኤስዲ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ስማችን ይጠቀስ ይል ነበር። ሌሎችም የየራሳቸውን ስም እያስገቡ ቀዱት። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የኔትቢኤስዲ ቅጂ ውስጥ እንዲህ ያለ 75 ዓረፍተ ነገር ቆጥሯል! የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 አንቀጹን ሰረዘው። ስህተትን መሰረዝ እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ኮድ ለምትጽፉ ወዳጆቻችን አምስት ነገር እንላለን።

1. ሥራችሁ ላይ ፈቃድ ጻፉ። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ለአንባቢው የተቆለፈ ቤት ነው። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ በመስኮት ግባ አልተባለም።

2. ፈቃድ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። "ለኢትዮጵያውያን ብቻ"፣ "ለበጎ ሰው ብቻ" የሚሉ አይተናል። ልብ ይነካሉ፤ ግን ከማንም ድስት ጋር አይገጥሙም።

3. ለትንንሽ ነገር፣ ለኪቦርድና ለመሳሰለው፣ ኤምአይቲን ምረጡ፤ ከጂፒኤል 2ም ከ3ም ጋር ይስማማል። ለፎንት የኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ አለ፤ አቢሲኒካም ኖቶ ኢትዮፒክም በእሱ ነው የወጡት። ወንፈል ነው የምፈልገው የምትሉ ጂፒኤልን ያዙ።

4. ጂፒኤልን ከያዛችሁ "ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ቅጽ" የሚለውን ጨምሩ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ነገ በሌላ ሰው የሚጻፍ ደንብ ላይ ዛሬ አልፈርምም ማለቱ ይገባናል። የሊኑክስ ጉልበት ያለው ይችለዋል። የእኛ ትንሽ ፕሮግራም ግን ባለቤቱ ሥራ ይዞ፣ ስልኩን ቀይሮ፣ አገር ለቆ ሲጠፋ "2 ብቻ" የሚለው ቃል መቃብሩ ላይ የተጫነ ድንጋይ ይሆናል።

5. "ለንግድ ያልሆነ" የሚለውን ተጠንቀቁ። ቀና ይመስላል። ነገር ግን በመካነ ሰላምም በአጅባርም ፋይል የሚሠራጨው በኢንተርኔት አይደለም፤ ጥቂት ብር ተቀብሎ ፍላሽ በሚገለብጥ ወጣት ነው። ያ ወጣት ነጋዴ ነው። "ለንግድ አይሆንም" ስትሉ ከልክላችሁ የቀራችሁት ትልቁን ኩባንያ ሳይሆን እሱን ነው። ደግሞም ጂፒኤል መሸጥን ስለሚፈቅድ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

የእኛስ ፍላሽ?

ለ"2 ብቻ" ኮዱ ባለቤት በኢሜይል ጻፍን። መልስ አልመጣም። ወራት ጠበቅን። በመጨረሻ የእሱን ክፍል አውጥተን፣ ሳናየው፣ ከዜሮ ራሳችን ጻፍነው። አፓቼው ቀረ፤ ሙሉ ፕሮግራሙ ጂፒኤል 3 ሆነ። ከርነሉ ጂፒኤል 2 እንደሆነ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ሁለት ድስት በአንድ ዳስ። የቃላቱ ዝርዝር "ለንግድ ያልሆነ" ስለነበር ጣልነው። በምትኩ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከቤት፣ ከገበያ፣ ከአያቶቻቸው ቃል እየለቀሙ አዲስ ዝርዝር ጀመሩ። ከድሮው ያንሳል፤ ግን የራሳቸው ነው፤ የቦረናና የሳይንት አነጋገርም አለበት።

ይህ ሁሉ አንድ ሴሚስተር ፈጀ። በዚያ ሴሚስተር 12ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ፍላሹን ሳያዩት ተፈተኑ። ያቺ ተማሪ ያነበበችውን ፋይል እኛ በመጀመሪያው ቀን አንብበነው ቢሆን ኖሮ ይደርስላቸው ነበር። ለማንበብ የሚፈጀው ሃያ ደቂቃ ነበር።

ለእነዚያ ልጆች ዕዳ አለብን። ለቀጣዮቹ ግን ፍላሹ ተዘጋጅቷል፤ ገልብጡት፣ አሻሽሉት፣ ቢፈልጋችሁም ሽጡት። ፈቃዱ ውስጡ ተጽፏል። እባካችሁ አንብቡት።

ቸር እንሰንብት!